ሌላው ማሳሰቢያ ነው

ሻርጃ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ፈዲላ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ፣ ጎረቤቱ፣ ሐይቁስ እንዴት ከረመ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

በስልክ ማውራት ስንችል ደብዳቤ መጻፌ ይገርምዎት ይሆናል። በስልክ ስንገናኝ «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ» ስንባባል ካርዱ ያልቃል። የአሁኑ ነገር ግን በወረቀት ላይ ተቀምጦ ተመልሶ የሚታይ ነው። ስለዚህ ጽፌ ፎቶ አንስቼ ለሰሚሃ ልኬላታለሁ፤ በፎቶ ኮፒ ቤቷ አትማ ትሰጥዎታለች። መልሱንም እሷው አንስታ ትልክልኛለች።

ከመጣሁ ጀምሮ ጣውላ ስሸከምና ሚስማር ስነቅል መክረሜን ያውቃሉ። ባለፈው ሳምንት ፕላን የሚያነብልን አናጢ አገሩ ገባ። ፓኪስታናዊው አለቃችን ሰበሰበንና «ከእናንተ መሃል ወረቀት የሚያነብ ማነው?» አለ። ሁሉም መሬት መሬት አየ። የኔ እጅ ብቻዋን ወጣች። ወላሂ እኔ አላወጣኋትም አክስቴ፣ ራሷ ናት የወጣችው።

ሥራው ከከተማ ወጣ ብሎ በአንድ ሀብታም የተምር እርሻ ላይ የሚቆም የእንግዳ ማረፊያ ነው። ከቋሚው እስከ ጣሪያው እንጨት ነው። አለቃው ፕላኑን ሰጠኝና «ይህን ካቆምክ ወረቀቱ ያንተ ነው፣ አናጢ ትባላለህ። ካበላሸህ ወደ ሸክምህ ትመለሳለህ» አለኝ።

ስለ ፕላን የማውቀው በልጅነቴ ቤትዎ ያየሁትን ብቻ ነው። ማታ ማታ የእናቴ ወንድም ባለቤትዎ ኑርዬ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ መሬት ላይ ይቀመጣሉ፤ እርስዎ ፕላኑን ዘርግተው ያነቡላቸዋል። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም፣ እርስዎ ዓይናቸው ነበሩ። እሳቸው ከአምባሰሉ ወፍጮ ቤት ጣሪያ ከወደቁ ወዲህ ያ ምሽት ቀረ፤ እኔም ግማሹን ረሳሁት። እባክዎ ከየት እንደምጀምር ይጻፉልኝ። አንድ ሌላ ነገርም ልጠይቅዎ። በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ያለው ደቃቅ ጽሑፍ ምን ነበር? ከእሱ ጥቂት መስመር ያነቡና ሁልጊዜ «ሌላው ማሳሰቢያ ነው» ብለው ያጥፉት ነበር።

የሚያስፈልግዎትን ሳያፍሩ ይጻፉልኝ።

ዱዓዎን የሚጠብቅ ልጅዎ
ሙስዓብ


ሐይቅ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙስዓብ፤

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። የወጣችውን እጅህን አላህ ይባርካት። ሰሚሃ ደብዳቤህን ስትሰጠኝ «ፍርድ ቤት ጠርቶሽ ነው?» አለችኝ፤ ፊቴ እንደዚያ ሆኖ ነበር መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ነው።

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ከሲሚንቶ ከረጢትና ሰው ከጣለው መጽሐፍ ነው። ፕላን ማንበብን ግን ያስተማረኝ ፊደል የማያውቀው ኑርዬ ነው። እኔ የተጻፈውን እነግረዋለሁ፣ እሱ ቤቱን ያያል። እንደዚያ ያለ ዓይን ከዚያ በኋላ አላየሁም።

መጀመሪያ ቀስቷን ፈልግ። በወረቀቱ ጥግ ላይ ትገኛለች። ቀስቷን ወደ ቂብላ አዙርና ወረቀቱ ሊሰግድ እንደቆመ ሰው ይቀመጥ። እኛ ሁልጊዜ ያደረግነው እንዲህ ነው፤ አንድም ቤት ዞሮብን አያውቅም።

ከዚያ በሩን ፈልግ። ኑርዬ ፕላን ከላይ አያይም ነበር። «በሩ ወዴት ነው?» ይለኛል። ጣቴን ሳስቀምጥለት «ገባሁ» ይላል። በበሩ አጠገብ ያለችው ቅስት መስመር የበሩ ክንፍ ሲከፈት የሚሄድበት መንገድ ናት። ክንፉ ወደ ውስጥ ይሂድ ወደ ውጪ እሷ ትነግርሃለች። ገብተህ ቁም። የተቆራረጠ መስመር ካየህ ከራስህ በላይ ያለ ነገር ነው፤ ወራጅ ወይም የጣሪያ ጠርዝ። ወፍራሙ መስመር በመጋዝ የተቆረጠ ግድግዳ ነው፣ ቤቱን ወገቡ ላይ ቆርጠህ የላይኛውን ያነሳኸው ይመስል። ቁጥሩን እመን እንጂ ወረቀቱን በሜትር አትለካ፤ ወረቀት ሲታተም ይሸበሸባል። «ቁጥር አይሸበሸብም» ይል ነበር ኑርዬ።

አንድ ጊዜ የሱቅ ፕላን ሳነብለት ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝና «ፈዲላ፣ ይህ ሰውዬ ጓዳ ገብቶ መውጫ የለውም» አለኝ። አየሁት። እውነትም በር አልተሣለለትም። ባለቤቱ ማሻአላህ ብሎ አስተካከለ።

ስለ ጠርዙ ጽሑፍ ሌላ ጊዜ።

ምንም አያስፈልገኝም። አንተ አናጢ ስትባል መስማት ይበቃኛል።

ፈዲላ


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናዎን አላህ ያብዛው። የኔ ደህንነት ዛሬ ግማሽ ነው።

እንዳሉኝ አደረግሁ። ቀስቷን ወደ ቂብላ አዞርኩ፣ በሩን አገኘሁ፣ ገባሁ። እውነቴን ነው፣ አጎቴ ጎኔ የቆሙ መሰለኝ። ችካል ተከልኩ፣ ሲባጎ ወጠርኩ፣ ማዕዘኑን ደጋግሜ አየሁ፤ ፀጉር አያሳልፍም። ጓደኞቼ ሥራ አቁመው ዙሪያዬን ቆሙ። አንዱ ባንግላዴሻዊ «ሙስዓብ፣ ከዛሬ ወዲያ ሻይ እኔ ነኝ የማመጣልህ» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ የእርሻው ባለቤት መጣ። በችካሎቹ መሃል ገብቶ በሩ ይሆናል ባልኩት ቦታ ላይ ቆመ። ፊት ለፊቱ ተምር ማየት ነበረበት። ያየው የግመል በረት ነው።

«ማረፊያውን የሠራኸው ለግመሎቼ ነው?» አለኝ።

አለቃው ወረቀቱን ነጠቀኝ። «ለምን አዞርከው?»

«ወደ ቂብላ ነው ያዞርኩት» አልኩ።

«ቀስቱ ሰሜን ነው! ቂብላ እዚህ ወደ ምዕራብ ነው! አጠገቡ ተጽፏል፣ ይኸው፣ ማሳሰቢያው ላይ፤ ሰሜን፣ በሩ ወደ ተምሩ። ይህን አላነበብክም?»

አክስቴ፣ ከአፌ ምን እንደወጣ ያውቃሉ? «ሌላው ማሳሰቢያ ነው» አልኩት።

አለቃው እሳት ሆነ። ፕላን ማንበብ ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀኝ። አክስቴ ናት አልኩ። የት ነው ያለችው አለ። ሐይቅ አልኩ። ስልኩን አውጥቶ ካርታ ላይ ፈለጋት። ጣቱን ከመካ ጀምሮ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ ታች ሳበ፣ ሳበ፣ ሐይቅ ላይ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፤ እምባው እስኪመጣ ሳቀ። «አክስትህ በአገሯ አልተሳሳተችም» አለ። «ከመካ በስተደቡብ ቀጥ ብላ ነው የተቀመጠችው። እሷ ዘንድ ሰሜንና ቂብላ አንድ ናቸው!»

ባለቤቱ ግን አልሳቀም። እንጨት ስላልተቆረጠ ብቻ እስከ ጁሙዓ ታገሠኝ። እስከዚያ ድረስ ችካሉን በትክክል ተክዬ፣ ጠርዙ ላይ ያለውንም ጽሑፍ አንድ በአንድ ለአለቃው ማስረዳት አለብኝ። ካልቻልኩ ወረቀቱ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ እኔም ወደ ሸክሜ።

እባክዎ ስለ ማሳሰቢያው ይጻፉልኝ። ለምን ነበር የምንዘለው?

ሙስዓብ


ሐይቅ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙስዓብ፤

ወዐለይኩሙ ሰላም። ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ሰሚሃ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነው የምጽፈው። አብሽር፣ ችካል ይነቀላል።

ቀስቷ የኔ ጥፋት ናት። ዕድሜዬን ሙሉ የቂብላ ምልክት መስላኝ ኖሬያለሁ፣ የሚሥሉት ሰዎች ፈሪሃ አላህ ያላቸው መስለውኝም አመሰግናቸው ነበር። እዚሁ ሱቁ ውስጥ ላገኘሁት ለወልዴ ብነግረው፣ ያ የኑርዬ የሥራ ጓደኛ፣ አግዳሚው ላይ ተንከባሎ ሳቀ። «እኔ ብሆን ወደ ግሸን ነበር የማዞረው። ቤቱ ሁሉ ማርያምን እያየ ይቀር ነበር!» አለኝ።

አሁን ስማኝ። ጠርዙን ከላይኛው መስመር እስከ ታችኛው አንብብ። ወደ በሩ ከመሄድህ በፊት አንብብ። የማታውቃት ቃል ስትገጥምህ እዚያው ቁም። ሰው ጠይቅ፣ ሕፃንም ቢሆን ጠይቅ። ያወቅሃት መስለህ አትለፍ። ሰው አጠገብህ ተቀምጦ እየሰማህ ከሆነ በተለይ አትለፍ።

ለምን እንዘለው እንደነበር አትጠይቀኝ።

ገንዘብ አትላክ። ከቻልክ ግን ለቅርብ ንባብ የሚሆን መነጽር ላክልኝ። ደቃቅ ፊደል ይጠፋብኛል።

ፈዲላ


ሻርጃ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህችን ደብዳቤ የጻፈልዎ አናጢው ሙስዓብ ነው! እንደዚያ ብዬ መጻፍ እችላለሁ አሁን።

እንዳሉኝ አደረግሁ። ጽሑፉ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ነው። ያላወቅኩትን ቃል ሁሉ ጠየቅሁ። ሹፌሩን ጠየቅሁ፣ የመስጊዱን ኢማም ጠየቅሁ፣ ባለሱቁን ጠየቅሁ፤ ባለሱቁማ «ይህ ልጅ ቤት ሊሠራ ነው ወይስ ሊመረቅ?» አለ። ጁሙዓ ዕለት አለቃው ወረቀቱን ደረቱ ላይ ለጥፎ ደብቆ ጠየቀኝ። እንጨቱ ምን ያህል መድረቅ እንዳለበት ነገርኩት። ሰው የሚሰበሰብበት ክፍል በር ወደ ውጪ መከፈት እንዳለበት ነገርኩት፤ እሳት ቢነሳ ሰው በሩ ላይ ተደፍቶ እንዳይቀር ነው። እኛ አገር ወደ ውጪ የሚከፈት በር እንግዳ የሚገፋ ነው ብለን እንስቃለን፣ ሕጉ ግን ምክንያት አለው። መጨረሻ ላይ የጣሪያውን መስመር ነገርኩት። እያንዳንዱ ወራጅ ከታች ካለው አግዳሚ እንጨት ጋር በብረት ማሰሪያ መታሰር አለበት፤ ነፋስ ጣሪያን ከላይ አይጫነውም፣ ከሥር ገብቶ ያነሳዋል።

ማሰሪያዎቹን በገዛ እጄ መታሁ። የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ መሰላል አስመጥቶ ወጣና እያንዳንዱን በእጁ ሳበ። አንድም አልተንቀሳቀሰም። ባለቤቱም በሩ ላይ ቆሞ ተምሩን አየና «አሁን ግመሎቼ ተቀየሙ» አለ።

የጣሪያውን መስመር ሳነብ አጎቴ ትዝ አሉኝ። የወፍጮ ቤቱ ፕላን አሁንም ሳጥንዎ ውስጥ አለ?

መነጽሩን ከዚህ ለዕረፍት የምትመጣው የሰፈራችን ልጅ ሱረያ ይዛዋለች።

ሙስዓብ


ሐይቅ፣ መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአናጢው ሙስዓብ፤

ወዐለይኩሙ ሰላም። ስለዘገየሁ ይቅር በለኝ። ሱረያ መነጽሩን አድርሳልኛለች፤ አላህ ዓይንህን ያብራልህ። ስለ ሥራህ የጻፍከውን ለወልዴ አነበብኩለት። «ድገሚልኝ» ብሎ ሦስቴ አስነበበኝ፣ «ኑርዬ አልሞተም» አለ።

ፕላኑ ሳጥን ውስጥ አለ። ብዙ ቀን አላወጣሁትም። ከዚያ አወጣሁት።

ይዤው ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። እዚያ ሳጂዳ የምትባል ወጣት መሐንዲስ አለች። ፈቃድ ልጠይቅ የመጣሁ መስሏት ወንበር ሰጠችኝ። «የድሮ ማሳሰቢያ ማንበብ ፈልጌ ነው» አልኳት። አልሳቀችብኝም፣ ለምን እንደሆነም አልጠየቀችኝም። የሕንፃ ደንቡን ከመደርደሪያ አውርዳ አጠገቤ ተቀመጠች። እኔ መስመሩን አነባለሁ፣ ያላወቅኳትን ቃል ታስረዳኛለች፣ ከደንቡ ላይ ለምን እንደተጻፈ ታሳየኛለች። ሰው ሲጠራት «እንግዳ አለኝ» ትላለች። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያላት ልጅ የወለደች እናት የተባረከች ናት።

የወፍጮ ቤቱ ፕላን አምስተኛው ማሳሰቢያ ስለ ጣሪያና ስለ ነፋስ ነው። ወራጁ በብረት ይታሰር ይላል።

አነበብኩት።

ፈዲላ


ሻርጃ፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ልብዎን ያስፋው።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። «አነበብኩት» ከምትለው ቃል በኋላ ምንም የለም። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ እጽፋለሁ። አደራ አፈርሳለሁ፤ አጎቴ ይቅር ይበሉኝ።

በዚያ ቀን ነፋሱ ከአምባሰል ቁልቁል መጣ፤ የወፍጮ ቤቱን ጣሪያ በአንድ ጎን አነሳው። አጎቴ ቆርቆሮው ሰው ላይ እንዳይወድቅ ብለው ሊይዙት ወጡ፤ ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰብሮ ከዚያ ወዲያ ጣሪያ አልወጡም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

እርስዎ የማያውቁት ይህ ነው። በመጨረሻው ክረምታቸው፣ ጢማቸውን ስከረክምላቸው፣ በራሳቸው ጀመሩት። «ሙስዓብ፣ የወፍጮ ቤቱን ፕላን ስታነብልኝ ፈዲላ የጠርዙን አራት መስመር አንብባ አምስተኛው ላይ ትንፋሿን ያዘች» አሉኝ። «ሰማኋት። ያላወቀችው ቃል ገጥሟታል። 'ምን ይላል?' ብላት ታፍራለች ብዬ ዝም አልኩ። እሷም 'ሌላው ማሳሰቢያ ነው' አለች።»

«ታዲያ ጥፋቱ የማነው?» አልኳቸው። ጥያቄዬ የልጅ ጥያቄ ነበር።

«የአምባሰልን ነፋስ ከልጅነቴ ጀምሮ በጀርባዬ አውቀዋለሁ» አሉ። «እሱን ወረቀት ሊነግረኝ አይገባም ነበር። ጣሪያውን የመታሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አይነግሯቸውም?»

ሳቁ። «ብነግራት ደግማ ወረቀት አትነካም። ይህቺ ሴት እኮ ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ፊደል የለቀመች ናት። ከዓይኗ ላይ ንባብ ከምወስድባት እግሬ ቢቀር ይሻለኛል። አንተም እንዳትነግራት።»

አልነገርኩም። ግን እርስዎ አሁን መስመሩን አንብበዋልና ብነግርዎ ንባብ የሚተዉ አይመስለኝም። ከተሳሳትኩ ይቆጡኝ፤ ዝም ብቻ አይበሉኝ።

ልጅዎ
ሙስዓብ


ሐይቅ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙስዓብ፤

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። አልተቆጣሁም። የዘገየሁት መልሱን ስጽፍና ስቀድ ነው።

ደብዳቤህን ይዤ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ዓሣ አጥማጆቹ መረብ ያደርቁ ነበር። አንብቤው ተቀመጥኩ። ከሁሉ በላይ ያሰብኩት ይህን ነው፤ ያ ሰው ትንፋሼን ይሰማ ነበር። እኔ የማነብለት ወረቀቱን ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እሱ ግን እኔንም ያነብ ነበር። አላህ ይዘንለት። ሌላ የምለው የለኝም፤ አንተም እንደሱ ሰሚ ነህና አይጎድልብህም።

አሁን የኔን ወሬ ልንገርህ። ሳጂዳ ረቡዕ ረቡዕ እንድመጣ ጠየቀችኝ። ፈቃድ ሊወስዱ ከሚመጡት አናጢዎች ብዙዎቹ ማንበብ ይከብዳቸዋል፤ እሷ ደግሞ ሥራ ይበዛባታል። መነጽሬን ይዤ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ፕላናቸውን አነብላቸዋለሁ።

ባለፈው ረቡዕ ወልዴ መጣ። ለልጁ ሱቅ ሊሠራ ነው። ፕላኑን ዘርግቶ «በይ ፈዲላ፣ በሩ ወዴት ነው?» አለኝ፣ ልክ እንደ ኑርዬ።

«በሩ ይቆይህ» አልኩት። «ከጠርዙ ነው የምጀምረው።»

«ኧረ አቦ! እሱ ማሳሰቢያ ነው፣ ይለፈኝ!»

«አያልፍህም።»

ሌሎቹ አናጢዎች ሳቁበት። የግሸኑን ቀልድ የሰማ አንዱ «ጋሽ ወልዴ፣ ወደ ግሸን ካላዞሩት ምን ያስቸኩልዎታል?» አለው። ወልዴ አጉረመረመና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። እኔም ማንበብ ጀመርኩ። መሠረቱን አነበብኩ፣ ግድግዳውን አነበብኩ። ከዚያ ስለ ጣሪያው የሚለው ላይ ደረስኩ፤ እዚያ መሃል አንዲት ቃል ነበረች። አላወቅኳትም።

ወልዴ ይሰማኛል። አናጢዎቹ ሁሉ ይሰሙኛል።

ትንፋሼን አልያዝኩም። «ይህቺን ቃል አላውቃትም» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ወልዴ አንገቱን አስግጎ ወረቀቱን አየና «እኔም አላውቃት» አለ።

ሳጂዳ ብዕሯን አስቀምጣ ከጠረጴዛዋ ተነሳች።

ፈዲላ